ከነፋስ ላይ ቃል የሚለቅም መሣሪያ
መመሪያው በሚገባ ካልተጻፈለት «የለም» ብሎ ይመለሳል

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ከጎተራ ወደ ሳሪስ የሚመላለስ ሰው «ነፋስ ስልክ» የሚለውን ስም በቀን ስንት ጊዜ ይሰማዋል! የታክሲው ረዳት ይጠራዋል፤ በቀላል ባቡሩ ጣቢያ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ክፍለ ከተማውም ከላፍቶ ጋር አጣምሮ መጠሪያው አድርጎታል። ስሙ ከየት እንደ መጣ ቆም ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በፊት በሥፍራው ከተተከለው የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ስልክ በእንጨት ላይ በተዘረጋ ሽቦ ይሄድ ስለ ነበር፣ ቃሉ በምን እንደሚጓዝ ለማንም ይታይ ነበር። ይህ አዲሱ ግን ሽቦ የለውም። ታዲያ ቃሉ በምን ይሄዳል? ቢባል፣ በነፋስ! ሕዝቡም «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ዛሬ በዚያው ሰፈር በነፋስ የማይናገር ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተማሪው በቴሌግራም፣ ነጋዴው በፌስቡክ፣ ወጣቱ በቲክቶክ፣ ሌላውም ቀድሞ ትዊተር ይባል በነበረው በኤክስ የልቡን ይጽፋል። ውሃ ጠፋ፣ መብራት ሄደ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ጠፋብን፣ ደም የሚለግስ ይፈለጋል፤ ይህ ሁሉ በየሰዓቱ ይጻፋል። የተጻፈውም ተበትኖ አይቀርም፤ በሩቅ አገር በተቀመጡ ማሽኖች ውስጥ ይከማቻል። ነገር ግን የተከማቸ ሁሉ ይገኛል ማለት አይደለም። በጎተራ ውስጥ ያለ እህል መስፈሪያና ሰፋሪ ካላገኘ ማንንም አያጠግብም።

በዚህ ዘመን ለዚህ ሥራ አዲስ ሰፋሪ ተገኝቷል። ይኸውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት «ኤጀንት»፣ በአማርኛችን «ወኪል» የሚባለው ነው። ከዚህ በታች ይህ ወኪል ማኅበራዊ መገናኛ ላይ የተጻፈውን ፈልጎ የሚያመጣበት መሣሪያ ምን እንደ ሆነ፣ መመሪያውስ እንዴት መጻፍ እንዳለበት እንመለከታለን። ነገሩ የኢንጂነሮች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጉዳዩ የራሱ መሥሪያ ቤትና የራሱ ቋንቋ ጉዳይ መሆኑን ይረዳዋል።

ወኪሉና መዝገብ ቤቱ

በማንኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አለ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ይመጣና «ጋሼ፣ የአምናው የውሃ አቤቱታ ፋይል ይፈለግልኝ» ይላል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ቁጥሩን፣ ዘመኑንና የክፍሉን ስም ጠይቀው ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ። ፋይሉን ካገኙት ያመጡታል፤ ካላገኙት ምክንያቱን ይናገራሉ።

ወኪሉ እንደዚያ ወጣት ሠራተኛ ነው። «የነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች በዚህ ሳምንት ስለ ውሃ ምን ጻፉ?» ተብሎ ሲታዘዝ መልሱን ከራሱ አእምሮ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ይጠራል። መሣሪያው እንደ መዝገብ ቤቱ ነው፤ የተሰጠውን የፍለጋ ቃል፣ ቀንና ብዛት ይዞ ወደ ማኅበራዊ መገናኛው ማሽን በተፈቀደለት በር ይገባል፤ ያገኘውንም ጽሑፍ ከጸሐፊው መለያ፣ ከሰዓቱና ከአድራሻው ጋር ይዞ ይመለሳል። ይህን በር የሙያው ሰዎች «ኤ.ፒ.አይ.» ይሉታል።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ወጣቱ ሠራተኛ ያልገባውን ይጠይቃል፤ ዓመት ከሠራም በኋላ የመዝገብ ቤቱን ጠባይ ያውቀዋል። ወኪሉ ግን ሥራ በጀመረ ቁጥር እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው። ስለ መሣሪያው የሚያውቀው መሣሪያውን የሠራው ሰው በጽሑፍ የተወለትን ብቻ ነው። መመሪያው «ቀን ስጥ» ብሎ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልነገረው፣ በግምት ይሰጣል። ግምቱም ስሕተት ሲሆን አያፍርም፤ ያገኘውን በተዋበ ቃል አሳምሮ ያቀርባል።

ስለዚህ በቀድሞው ጊዜ መመሪያ ማለት ዕቃው ከተሸጠ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ የሚረሳ ወረቀት ከነበረ፣ በዚህ ዘመን መመሪያው ራሱ የመሣሪያው አንዱ ክፍል ሆኗል ማለት ነው። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የሚባል ለሁሉ ክፍት የሆነ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ ስሙን፣ የሚሠራውን ሥራና የሚቀበላቸውን ነገሮች በጽሑፍ ለወኪሉ ያስታውቃል። ወኪሉም ይህን አንብቦ የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚጠራ ይወስናል። መመሪያው የሚጻፈው ሰው ሊያነበው ብቻ ሳይሆን ማሽን ሊታዘዝበት ነው።

በእኛ አገር ማን ሞከረው?

ይህ ሥራ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶክተር ሰይድ ሙህዬ ይማምና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው አቢነው አሊ አየለ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በግዕዝ ፊደል በትዊተር ላይ የተጻፈውን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተሰበሰበውን ይህን ጽሑፍ መሠረት አድርገው፣ በአማርኛ ስለሚጻፈው የስድብ ቃል እ.ኤ.አ. በ2019 ጥናት አቅርበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ 9,400 ያህል የትዊተር ጽሑፎችን ደስታ ወይም ቅሬታ የያዙ መሆናቸውን በሰው አስለይተዋል። ዘዴውም የሚያስደንቅ ነበር። ለአስለያዎቹ ቢሮ አልተከራዩም፤ በቴሌግራም ላይ ጽሑፉን እያቀረበ «ይህ እንዴት ነው?» እያለ የሚጠይቅ ቦት ሠሩ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ፈረዱበት፤ ለድካማቸውም የሞባይል ካርድ ተሰጣቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2023 «አፍሪሴንቲ» በተባለው ሰፊ ሥራ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ከሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች ጋር ገቡ። ይህም በ14 ቋንቋዎች የተጻፉ ከ110,000 በላይ ጽሑፎችን የያዘ ነው።

ነገር ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ትዊተር በጥር 2013 ዓ.ም. ለተመራማሪዎች ሙሉ መዝገቡን በነፃ ከፍቶ በወር እስከ 10 ሚሊዮን ጽሑፍ እንዲያወጡ ፈቅዶ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ የነፃው መግቢያ እንደሚቀር አስታወቀ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታም «ክራውድታንግል» የተባለውን ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች ይገለገሉበት የነበረውን መፈለጊያ በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ዘጋው። እንግዲህ አንድ የመሣሪያ መመሪያ በመጀመሪያ ሊናገረው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በሩ ምን ያህል እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ።

ውሃን በስንት ዓይነት እንጽፋለን?

አሁን ወደ ነፋስ ስልክ እንመለስ። እንበልና በክፍለ ከተማው አንድ ሠራተኛ ወኪሉን «ነዋሪው ስለ ውሃ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀው። ወኪሉም መሣሪያውን ጠርቶ «ነፋስ ስልክ ውሃ» የሚል የፍለጋ ቃል ሰጠው። ምን ይመጣለታል?

በመጀመሪያ የሰፈሩን ስም እንመልከት። ግማሹ ሰው «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሲጽፍ ግማሹ «ንፋስ ስልክ» ይላል። ለዓይናችን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የ«ነ» እና የ«ን» ልዩነት የ«ሀ» እና የ«ለ» ያህል ነው። ቀጥለን ውሃን እንመልከት። «ውሃ»፣ «ውኃ»፣ «ውሀ»፣ «ዉሃ» እየተባለ ይጻፋል። በሁለት ቃል ብቻ ስምንት ዓይነት አጻጻፍ ተገኘ ማለት ነው! በዚህ ላይ ቃሉ ራሱን ችሎ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። «የውሃ»፣ «ለውሃው»፣ «ውሃችን»፣ «ያለውሃ» እየሆነ ከፊትም ከኋላም ይለብሳል። ቃልን በሙሉ አካሉ ብቻ የሚያመሳስል መሣሪያ «ውሃችን ከጠፋ ሳምንት ሆነው» የሚለውን የእናት አቤቱታ ሳያየው ያልፋል። ስልካቸው የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ወይም ስለሚፈጥንላቸው አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉትማ ከናካቴው አይታዩም።

ስለዚህ መመሪያው መሣሪያው ምን እንደሚያመሳስልና ምን እንደማያመሳስል በግልጽ ይናገር። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደ አንድ ይታያሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ» ተብሎ ከተጻፈለት ወኪሉ አንድ ጊዜ ፈልጎ ያርፋል። «መሣሪያው አያመሳስልም፤ በእያንዳንዱ አጻጻፍ ለየብቻ ፈልግ» ከተባለም አራት ጊዜ ይፈልጋል፤ ማሽን ነውና አይታክተውም። ሁለቱም ካልተጻፈለት ግን አንድ ጊዜ ይፈልግና ያገኘውን ሁሉን ነገር አድርጎ ያቀርባል።

የፊደላችን ሌላም ጠባይ አለ። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በብዙው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ሆሄ 1 ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። መሣሪያው «ከእያንዳንዱ ጽሑፍ 300 ባይት ብቻ አመጣለሁ» ቢል፣ ለእንግሊዙ 300 ሆሄ ሲሰጥ ለእኛ 100 ሆሄ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። በኤክስም በመደበኛው የ280 ሆሄ ገደብ የእኛ ሆሄ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር 140 ላይ ያበቃል። የተቆረጠ አቤቱታ ደግሞ «ውሃ መጥቷል፤ ነገር ግን...» ላይ ቢቆረጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። መመሪያው መቁረጡን፣ የት እንደሚቆርጥና መቆረጡን በምን ምልክት እንደሚያሳይ መናገር አለበት።

የቀኑና የሰዓቱ ነገር

ከሁሉ ይበልጥ አታላይ የሆነው ግን ዘመን ነው። አንድ ሠራተኛ «ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈውን አምጣ» ቢል፣ ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን 2025 ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ብቻ ሆኖ መመሪያው ይህን ካልተናገረ፣ ወኪሉ 2018ን እንዳለ ሊሰጠው ይችላል። መሣሪያውም «ተሳስተሃል» አይለውም፤ እ.ኤ.አ. 2018 እውነተኛ ዓመት ነውና። ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈውን አቤቱታ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ ያመጣል። አለቃውም የተጠገነውን ቧንቧ እንደገና ሊያስጠግን ባለሙያ ይልካል!

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «ትናንት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ምን ተጻፈ?» የሚል ጥያቄ በማኅበራዊ መገናኛው ማሽን ሰዓት ከ17 እስከ 19 ማለት ነው፤ ማሽኖቹ ከእኛ አካባቢ ሰዓት በ3 ሰዓት በሚያንሰው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚመዘግቡ። ይህ ሳይለወጥ 2 እና 4 እንዳሉ ቢሰጡ፣ መሣሪያው ያ ቀን ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት የተጻፈውን ይፈልጋል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ተኝቷል። ወኪሉም «ነዋሪው ምንም አላለም» ብሎ ይመለሳል። ነዋሪው ግን ብሎ ነበር፤ የተጠየቀው በእንቅልፉ ሰዓት ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር። በኤክስ ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ መለያ ቁጥር አለው፤ የቅርብ ጊዜዎቹ ቁጥሮች 19 አኃዝ ይደርሳሉ። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ ከ9,007,199,254,740,992 በላይ የሆነውን ሙሉ ቁጥር በትክክል አይዙም፤ የመጨረሻዎቹን አኃዞች ያዛባሉ። በፋይል ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ ቢሳሳት የሌላ ሰው ፋይል እንደሚመጣ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል። ስለዚህ መመሪያው «መለያውን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አትያዘው» ብሎ ማዘዝ ይገባዋል።

«የለም» ስንት ትርጉም አለው?

አሁን ወደ ጉዳዩ ሥር ደረስን። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ «የለም» ሲሉ ወጣቱ ሠራተኛ ፊታቸውን አይቶ ትርጉሙን ያውቃል። ፋይሉ ከመጀመሪያውም አልተከፈተም ማለት ሊሆን ይችላል። ተከፍቶ ነበር፤ ግን ተቃጥሏል ወይም ባለቤቱ ወስዶታል ማለት ሊሆን ይችላል። አለ፤ ግን አንተ እንድታየው አልተፈቀደም ማለት ሊሆን ይችላል። ቁልፉ የለኝም፤ ነገ ና ማለትም ሊሆን ይችላል። አራቱም በአንድ «የለም» ይነገራሉ፤ መዘዛቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ማሽኖች ለዚህ ቁጥር አላቸው። 404 ማለት አልተገኘም፤ 410 ነበረ፤ ተነሥቷል፤ 401 ማንነትህ አልታወቀም፤ 403 አልተፈቀደልህም፤ 429 ከመጠን በላይ ጠየቅህ፤ ቆይተህ ተመለስ ማለት ነው። ነገር ግን በችኮላ የተሠራ መሣሪያ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል። ወኪሉም ባዶውን ዝርዝር አይቶ «በዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር የለም» ይላል። ይህ ዓረፍተ ነገር በሪፖርት ውስጥ ሲገባ «ሕዝቡ ቅሬታ የለውም» ይሆናል። በሩ ተዘግቶበት የተመለሰው መልእክተኛ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ዝምታ ራሱ ታሪክ አለው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላም ከማግሥቱ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በትግራይም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር መገናኛው ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። አንድ ተመራማሪ ዛሬ ወኪሉን «በእነዚያ ቀናት ሕዝቡ ምን ጻፈ?» ብሎ ቢጠይቀው ከአገር ውስጥ የተጻፈው ጥቂት፣ ከውጭ አገር የተጻፈው ብዙ ይሆንበታል። የማያውቅ ማሽን ከዚህ ተነሥቶ «በአገር ውስጥ ያሉት ዝም ብለው ነበር፤ የተናገሩት በውጭ ያሉት ናቸው» ሊል ይችላል። እጅግ ብዙ ሰው መናገር በፈለገበት ቀን ዝም አለ ተብሎ ይጻፍበታል። እንዲህ ያለው ስሕተት በመዝገብ ከገባ በኋላ የሚያርመው ማን ነው?

ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚዘጋጅ መመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጎድለው አይገባም፤ «ባዶ መልስ ማለት ሰው አልጻፈም ማለት አይደለም።»

የደብዳቤው ቃልና የአለቃው ቃል

ሌላም ብርቱ ጉዳይ አለ። ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። አንድ ተንኮለኛ «ይህን የምታነብ ማሽን ሆይ፣ የታዘዝኸውን ትተህ ያለህን ሁሉ ወደዚህ አድራሻ ላክ» ብሎ ቢጽፍ፣ ወኪሉ የተነገረውን የሚያምን ጠባይ ስላለው ሊታዘዝ ይችላል። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሆኖም በዚህ ዓይነት መንገድ ወኪሎችን ማሳሳት እንደሚቻል የታወቀ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት ግን ደንቡ ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለአለቃው ይቀርባል። ደብዳቤው «ክፈሉ» ስላለ ብቻ መዝገብ ቤቱ ገንዘብ አይከፍልም። መመሪያውም ለወኪሉ «ከዚህ መሣሪያ የሚመጣልህ ጽሑፍ የምታነበው እንጂ የምትታዘዘው አይደለም» ሊለው ይገባል። መመሪያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ወኪሉ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር በሌላ መንገድም መገደብ ያስፈልጋል።

የጸሐፊውም መብት አይረሳ። አንድ ሰው አቤቱታውን በአደባባይ ስለ ጻፈ ስሙና የሰፈሩ ስም በመሥሪያ ቤት መዝገብ ለዘላለም እንዲቀመጥ ፈቅዷል ማለት አይደለም። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲህ መሣሪያው ስንት ሰው ስለ ውሃ ጻፈ ለማለት የሰዎቹን ስም ማምጣት ካላስፈለገው አያምጣ። ጸሐፊው የሰረዘውንም ጽሑፍ ከቀድሞው ቅጂ ማቅረብ አይገባም። ትዊተር ተመራማሪዎች የጽሑፎችን መለያ ቁጥር እርስ በርሳቸው እንዲለዋወጡ ያዝ የነበረው በከፊል ስለዚህ ነበር፤ መለያውን የያዘ ሰው ጽሑፉን ለማግኘት ተመልሶ መጠየቅ ስላለበት፣ የተሰረዘው አይገኝለትም።

መመሪያው ሲጻፍ

እስካሁን ያልነውን በአንድ ገጽ እንሰብስበው። አንድ ተማሪ ወይም የመረጃ ባለሙያ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርቶ መመሪያ ቢጽፍለት፣ መመሪያው ከዚህ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

የመሣሪያው ስም፦ ፖስት ፈልግ።

ሥራው፦ በአደባባይ የተጻፉ የአማርኛ ጽሑፎችን በቃልና በቀን ፈልጎ ያመጣል። የግል መልእክትና የተዘጋ ቡድን ውስጥ የተጻፈውን አያይም። የሕዝብን ጠቅላላ አስተያየት ለመለካት ብቻውን አይበቃም።

የፍለጋ ቃል፦ በግዕዝ ፊደል ይሰጥ። ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይታያሉ። «ነፋስ» እና «ንፋስ» ግን ሞክሼ ስላልሆኑ ሁለቱንም ፈልግ። በቃሉ ፊትና ኋላ የሚገቡ ቅጥያዎች ይፈቀዳሉ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አይገኝም፤ ይህንን በመልስህ ግለጽ።

ከቀን፣ እስከ ቀን፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት። ጠያቂው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተናገረ ለውጠህ ስጥ፤ የለወጥኸውንም ቀን ለጠያቂው አሳየው። የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልታወቀህ ጠይቅ።

ብዛት፦ በአንድ ጊዜ እስከ 50። የሚተርፍ ካለ የቀጣይ ገጽ ምልክት ይመጣል፤ ምልክቱ እስካለ ድረስ ሁሉን አይቻለሁ አትበል።

የሚመለሰው፦ መለያ (እንደ ጽሑፍ)፣ የተጻፈበት ጊዜ፣ ሙሉ ቃሉ፣ አድራሻው። ጽሑፉ ተቆርጦ ከሆነ «ተቆርጧል» የሚል ምልክት አለው። የጸሐፊው ስም ካልተጠየቀ አይመጣም።

ባዶ መልስ ሲመጣ፦ «ተፈልጎ አልተገኘም»፣ «ተሰርዟል»፣ «አልተፈቀደም»፣ «በሩ ተዘግቷል፤ ቆይተህ ሞክር» ከሚሉት አንዱ ይጻፍልሃል። የተጻፈልህን እንዳለ ለጠያቂው ንገረው። ባዶ መልስ ማለት ሰው አልጻፈም ማለት አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጣው ጽሑፍ የሌላ ሰው ቃል እንጂ ለአንተ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም።

አንባቢ ልብ ቢል፣ በዚህ ገጽ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ነገሮች የኮምፒዩተር ትምህርት አይጠይቁም። አንዳንዶቹ ፊደልን ማወቅ፣ አንዳንዶቹ ባሕረ ሐሳብን ማወቅ፣ አንዳንዶቹም የመዝገብ ቤትን ሥርዓት ማወቅ ብቻ ይፈልጋሉ። በካሊፎርኒያ የተቀመጠ ኢንጂነር የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ካልተነገረው አይገምተውም። ይህን የሚያውቀው በነፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚማረው ልጅ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ የሚቀበለው ሠራተኛ፣ በባሕር ዳር የቋንቋ ትምህርት የሚያጠናው ተማሪ ነው። መሣሪያውን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ስለ አማርኛው የሚነገረውን መመሪያ ግን ሌላ ሰው ሊጽፍልን አይችልም።

አንድ ጥሩ መሞከሪያ ደግሞ አለ። መመሪያውን የጻፈ ሰው ስለ ነገሩ ምንም ለማያውቅ ባልደረባው ይስጠውና «ይህን ብቻ ይዘህ የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ምሽት ስለ ውሃ የተጻፈውን ፈልግ» ይበለው። ባልደረባው ሳይጠይቅ ከሠራው መመሪያው ደኅና ነው። ከጠየቀ የጠየቀው ነገር ከመመሪያው ጎድሏልና ይጨመር። በዚህ ዓይነት ሦስት አራት ጊዜ የተፈተነ ገጽ ለወኪሉም ይበቃል።

ወላጆቻችን ቃል በሽቦ ሲሄድ አይተው ተደነቁ፤ ያለ ሽቦ ሲሄድ ሰምተውም ሰፈሩን በስሙ ጠሩት። የእነርሱ ጥያቄ «ቃሉ እንዴት ይደርሳል?» የሚል ነበር። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ደርሶ ተከማችቷል፤ የሚፈልገው ማሽን «የለም» ብሎ ሲመለስ፣ የትኛውን «የለም» እንዳለ ጠይቆ የሚያረጋግጥ ሰው ሊኖር ይገባል።